«እማዬ ደመወዜን ትጠብቃለች፤ እኔ ግን ወደ ሐመር ልሄድ ነው»

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 23 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም ጌታ ረድቶኝ አልፌያለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እማዬ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች በማስረከብ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች። መብራት ከጠፋ በእንጨት ትጋግራለች፤ ጭሱ ዓይኗን ጎድቶታል። ወንድሜ በመስከረም 12ኛ ክፍል ይገባል።

ግቢ እያለሁ በኅብረታችን ውስጥ ለወንጌል ተልእኮ እንጸልይ ነበር። አንድ ክረምት ለአጭር ጊዜ ወደ ደቡብ ኦሞ ሄድን። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያ ነው። አሁን ቤተ ክርስቲያናችን ሐመር ወረዳ፣ ቱርሚ አካባቢ ለሁለት ዓመት የሚያገለግሉ ወጣቶች ልትልክ ነው። እኔም ተመርጫለሁ። የምንወጣው ከመስቀል በኋላ ነው። «የኪስ ገንዘብ ይሰጣችኋል፤ ሌላውን ጌታ ያዘጋጃል» ብለውናል።

የጨነቀኝ የእማዬ ነገር ነው። ለእሷ የነገርኳት «የቤተ ክርስቲያን ሥራ አግኝቻለሁ፤ ትንሽ ራቅ ይላል» ብዬ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት መሆኑን አታውቅም። ደመወዝ እንደሌለውም አታውቅም። እሷም ጌታን የምትወድ ሰው ናት። ግን አጎቴ ለባንክ ሥራ ሰው እያነጋገረልኝ ስለሆነ፣ «ያ የቤተ ክርስቲያኑ እስኪደርስ ነው» ብላ ተስፋዋን ባንኩ ላይ ጥላለች። ደመወዜን አስባ አዲስ እቁብ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት «ለባንክ ይሆንሻል» ብላ ጥቁር ጫማ ገዝታልኝ መጣች። ሳየው አለቀስኩ። የደስታ መስሏት እሷም አለቀሰች።

ፓስተራችን ቤት መጥተው እንዲነግሩልኝ ልለምናቸው አስቤያለሁ። ከግቢ ጀምሮ የምንቀራረብ አንድ ወንድምም አለ። «እጠብቅሻለሁ» ይለኛል፤ ፊቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ጓደኞቼ ደግሞ «ከዘገየሽ እንደ ዮናስ ነው የምትሆኚው» ይሉኛል። እውነት መዘግየት አለመታዘዝ ነው? እማዬን ጥያት ብሄድስ ጌታ ደስ ይለዋል?

ሐ. ከሀዋሳ

መልስ

ውድ እህቴ ሐ.፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ጫማው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እናትሽ ያንን ጫማ የገዙበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያለቀስሽውም ለዚህ ነው። ልብሽ ደንዳና ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፊም ነበር።

በመጀመሪያ ከጓደኞችሽ ቃል ላሳርፍሽ። ዮናስ ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ኢዮጴ ወርዶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ ነው የተሳፈረው። ፊቱን አዙሮ ሸሸ። አንቺ መች ሸሸሽ? አንቺ የምትጠይቂው እንዴት አድርጌ በሰላም ልሂድ ብለሽ ነው። ኤልሳዕ ኤልያስ መጎናጸፊያውን በጣለበት ቀን «አባቴንና እናቴን ልሳም» አለ። ከዚያም በሬዎቹን አርዶ ሕዝቡን አብልቶ ሄደ። ማንም አመፀኛ አላለውም። ጳውሎስም ከደማስቆ መንገድ በኋላ ወዲያው ወደ አሕዛብ ከተሞች አልሮጠም፤ በአረብ አገርና በጠርሴስ ያሳለፋቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ ለጥቂት ወራት መዘግየት በራሱ አለመታዘዝ አይደለም። ጓደኞችሽ ይወዱሻል፤ ግን እናትሽ እቁብ መግባታቸውን ያውቃሉ?

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። እንቅልፍ የነሳሽ ከመሄድሽ ይልቅ የደበቅሽው ነገር ይመስለኛል። ሐመር ሩቅ ነው፤ ሁለት ዓመትም ረጅም ነው። ግን እናትሽ ደመወዝ እየጠበቁ፣ አንቺ ደመወዝ እንደሌለ እያወቅሽ አንድ ቤት ውስጥ መኖር ከሁሉም ይከብዳል። ጌታ ኢየሱስ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ የተቆጣው በማን ነበር? ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» እያሉ በሚያስቀሩ ሰዎች ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ሰዎቹ ይህን ያደረጉት አስበውበት ነው፤ አንቺ ግን ፈርተሽ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሆኖም ፍርሃቱ ከቆየ መጨረሻው እዚያው ሊያደርስሽ ይችላል።

የፓስተሩን ነገር ተዪው፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ቀን። ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ፓስተሩ ቤት ሲገቡ እናትሽ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ወንበር ያቀርባሉ፣ የተባሉትን ሁሉ «እሺ፣ ይሁን፣ የጌታ ፈቃድ ይሁን» ይላሉ። እንግዳ ፊት እምቢ አይባልም። እንግዳው ከወጣ በኋላ ግን «ልጄ ለእኔ መንገር ፈራች?» የሚለው ይመጣል። ያ ደግሞ ከሁለቱ ዓመት ይልቅ ይጎዳቸዋል። ራስሽ ንገሪያቸው፤ ብቻችሁን ሁናችሁ። የሆቴሎቹ እንጀራ ተሰጥቶ፣ ምጣዱ ተወልውሎ፣ እናትሽ እግራቸውን ዘርግተው በሚቀመጡበት ሰዓት ይሁን። ወንድምሽ ውጭ በሆነበት ቀን ቢሆን ይሻላል።

ምን ትያለሽ? እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጀምረው፦ «እማዬ፣ ስለ ሥራው የነገርኩሽ ግማሹን ነው። እንዳታዝኚ ፈርቼ ነው። አሁን ሁሉንም ልንገርሽ።» ከዚያ ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ገንዘቡን ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። ሁለት ዓመት ከሆነ ሁለት ዓመት በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ቢያለቅሱ ያልቅሱ። ቢቆጡም ይቆጡ። «ያሳደግኩሽ ለዚህ ነው?» ቢሉሽ መልስ አትስጪ፤ ያ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ አይደለም።

አንድ አደራ ግን አለኝ። «ጌታ ተናግሮኛል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ አታምጪው። ጥሪሽን ስለተጠራጠርኩ እንዳይመስልሽ። ግን አማኝ እናት ከእግዚአብሔር ጋር አትከራከርም። ይህን ቃል ካስቀደምሽው አፋቸውን ትዘጊያቸዋለሽ፤ የልባቸውን ሳይነግሩሽ ይቀራሉ። መጀመሪያ እሳቸው የሚፈሩትን ስሚ። የሚፈሩት የገንዘቡን ነው? ወይስ ልጃቸው በረሃ ሄዳ ብትታመም የሚለውን? ወይስ «ሁለት ዓመት ተቀምጣ ስትመለስ ማን ያገባታል» የሚለውን? ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ ይለያያል።

የገንዘቡን ነገር በጸሎት ብቻ አትለፊው። አንቺ አካውንታንት ነሽ! ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ብሎ የለ? ወረቀት አውጪና ከእናትሽ ጋር ቁጭ በይ። የቤት ኪራይ ስንት ነው? የወንድምሽ ትምህርት ቤትና መጽሐፍስ? እቁቡ በወር ስንት ነው፣ ዕጣቸውስ መቼ ይደርሳል? የዓይናቸውስ ሕክምና? ከእንጀራው የሚገባው ስንቱን ይሸፍናል፣ ስንት ይጎድላል? ያንን የሚጎድለውን ቁጥር በወር አውቀሽ ያዢው። አንቺ እንዳልሽው ተስፋቸው የተንጠለጠለው በደመወዝሽ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከፈራሽው ሊያንስ ይችላል። ሊበዛም ይችላል። በሁለቱም መንገድ ማወቅሽ ይጠቅምሻል።

ከዚያ ያንን ቁጥር ይዘሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂጂ። «የኪስ ገንዘብ ይሰጣችኋል፤ ሌላውን ጌታ ያዘጋጃል» የሚለው አባባል አልተመቸኝም። እምነት ጎድሎኝ አይደለም። የደቡብ አማኞች ታሪክ ሌላ ስለሚያስተምረኝ ነው። የኤስአይኤም (ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን) ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ለቅቀው ወጡ። ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው አገኟቸው። የወላይታ ወንጌላውያንም ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ እስከ ኦሞ ድረስ ወረዱ። ወባ የቀጠፋቸው አሉ። የታሰሩም የተደበደቡም አሉ። ግን ዝም ብለው አልተለቀቁም። ድሃ የሆኑ የገጠር አማኞች ከእህላቸውም ከሳንቲማቸውም አዋጥተው ነው የላኳቸው። ጌታ ያዘጋጀው በእነዚያ ሰዎች እጅ ነበር። የአንቺም ቤተ ክርስቲያን እጇን እንድትዘረጋ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በጽሑፍ እንዲያሳውቁሽ ለምኛቸው። በየወሩ ስንት ይሰጡሻል? ብትታመሚ ማን ያሳክማል? በዓመት ስንት ጊዜ ወደ ቤት ትመጫለሽ፣ ትራንስፖርቱንስ ማን ይከፍላል? ለእናትሽ የሚጎድለውን ቤተ ክርስቲያኒቱ ወይም የተወሰኑ ቤተሰቦች በወር በወር ሊሸፍኑ ይችላሉ? የቀድሞ የግቢ ጓደኞችሽ ሥራ ከያዙ፣ አሥር ሰው ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ በቴሌብር በቀጥታ ለእናትሽ መላክ ይቻላል። ገንዘቡ በአንቺ በኩል ባይዞር ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆነሽ «ተላከ ወይስ አልተላከም» እያልሽ ትጨነቂያለሽ። ሽማግሌዎቹ «መጻፍ አያስፈልግም፤ እንተማመናለን» ቢሉሽስ? በትሕትና «ለእናቴ ላሳያት ነው» በያቸው። ማንም እምቢ ሊልሽ አይገባም። እምቢ ካሉ፣ ነገሩ ገና አልበሰለም ማለት ነው፤ አትቸኩዪ።

ስለ ወረቀቶችሽም ላንሳ፤ በተልእኮ ሙቀት ውስጥ ይህን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። አሁን በእጅሽ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ ይመስለኛል። ኦሪጅናሉን ለማግኘት ኮስት ሼሪንጉ (ተመራቂ የሚመልሰው የትምህርት ወጪ ድርሻ) መጠናቀቅ አለበት፤ ክፍያው ደግሞ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነው። ደመወዝ በሌለበት ሁለት ዓመት ዕዳሽ እዚያው ይቆያል። ይህን አውቀሽው ሂጂ። ሌላው፣ ለጀማሪ የሚወጡ የባንክ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የምረቃ ዓመት ይወስናሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ዜሮ ዓመት ልምድ» ብለሽ ከአዲስ ተመራቂዎች ጋር መወዳደር ሊከብድሽ ይችላል። ስለዚህ ቱርሚ ላይ የአገልግሎቱን ሒሳብ የምትይዢው አንቺ ሁኚ። በሥራ መደብሽ ላይም «የሒሳብ ሠራተኛ» ተብሎ ይጻፍ። ትንሽም ቢሆን ደመወዝ ተብሎ ተመዝግቦ የሥራ ግብር ቢከፈልበት፣ ስትመለሺ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን የሚቀበልሽ ታገኛለሽ። ግብር ያልተከፈለበት ልምድ ስንቱን ወጣት ከበር እንደመለሰ ታውቂያለሽ። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጣሽም እዚሁ ሀዋሳ እያለሽ ጨርሺው።

ደግሞ ስለ ቦታው ላስብልሽ። በዚያ ክረምት ደቡብ ኦሞን ያየሽው እንግዳ ሆነሽ ነው። በመዝሙርና በጓደኛ ብዛት የተሞላ ጊዜ ነበር። ሁለት ዓመት ሌላ ነው። ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ከሀዋሳ ጋር አይወዳደርም። ሰዉ ከብት አርቢ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይጠባል። ቋንቋው ሐመርኛ ነው። አማርኛ ቱርሚ ከተማ ውስጥ ያሠራሻል፤ መንደር ስትገቢ ግን ከእናቶቹ ጋር የሚያገናኝሽ አይደለም። የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት ለመማር ብቻ ብትሰጪው እመክርሻለሁ። ከሴቶቹ ጋር ውኃ ቅጂ። ሰኞ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ላይ ተቀምጠሽ ስም እየጠየቅሽ ተማሪ። ለማስተማር ሳትቸኩዪ ሽማግሌዎቻቸውን እወቂ፣ ቡና በቅል ሲያቀርቡልሽ ጠጪ። ሰው የሚሰማሽ መጀመሪያ አንቺ ስትሰሚው ነው። ከእነሱ ውስጥ ያመኑ ወንድሞችና እህቶች ካሉ ደግሞ የእነሱ ረዳት ሆነሽ ግቢ። እነሱ የአገሩ ልጆች ናቸው።

ብቻሽን እንዳትኖሪ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የላካቸው። ከሌላ እህት ጋር ወይም ከአንድ ቤተሰብ ጋር መኖርሽ እስኪረጋገጥ ድረስ ጓዝሽን አትጠቅልዪ። ለወባ አጎበር ያዢ፤ በየሌሊቱም ተጠቀሚበት። ትኩሳት ከተሰማሽ «ያልፋል» ሳትዪ፣ ከሱቅ መድኃኒት ሳትገዢ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ጂንካ ያለው ሆስፒታል ከቱርሚ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት ላይ ብትታመሚ መኪና ከማን እንደምታገኙ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህንኑ ዕቅድ ለእናትሽ ንገሪያቸው። እናት «ጌታ ይጠብቀኛል» ስትያት አሜን ትላለች፤ «የምታሳክመኝ እህት ይቺ ናት፣ ስልኳም ይኸው» ስትያት ግን ትተኛለች።

ስለዚያ ወንድም ብዙ አልልም። «እጠብቅሻለሁ» የሚለውን ቃል በግዳጅ አትያዢበት። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ በሉና በግልጽ ጠይቂው፦ «ሁለት ዓመት ስሄድ ምን ይሰማሃል? እውነቱን ንገረኝ፤ አልቀየምህም።» መልሱ ቢያሳዝንሽም ከፊቱ ላይ ከማንበብ ይሻላል።

አሁን ፍርዴን ጠይቀሽኝ ከሆነ፣ ከመስቀል በኋላ ባትወጪ ደስ ይለኛል። ጊዜው አጭር ነው። እናትሽ ነገሩን ሰምተው፣ አልቅሰው፣ ተቆጥተው፣ ከዚያ ጸልየው እንዲመለሱበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ለአንቺ አራት ዓመት የበሰለው ነገር ለእሳቸው በአራት ሳምንት አይበስልም። ሽማግሌዎቹን «ከጥምቀት በኋላ ልውጣ» ብለሽ ጠይቂ። በእነዚያ ወራት ሐመርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልገሽ መማር ትጀምሪያለሽ፣ የእናትሽን ወርሃዊ ድጋፍ ታሲዢያለሽ፣ ወረቀትሽንም ታስተካክያለሽ።

እናትሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ «አልችልም» ቢሉስ? ይህም ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ ዓመት ባንክ ሠርተሽ፣ እቁቡ ተጠናቅቆ፣ ወንድምሽ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ወስዶ፣ ኮስት ሼሪንጉም ተቀንሶ መሄድ ሌላው መንገድ ነው። ይህ ተልእኮሽን መተው አይሆንም። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ የዓለምን ኃጢአት ተሸክሞ ሳለ እንኳ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷል። እናትን ለሰው አደራ ሰጥቶ መሄድ ይቻላል፤ አደራ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ግን አይሆንም። ለዚያ ዓመት ደግሞ ቀኑን ቁረጪለት። «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ካልሽ ደመወዙ ይጥማል፣ ኑሮው ይከብዳል፣ ዓመታቱም ሳታውቂው ይሄዳሉ። ለእናትሽም ለሽማግሌዎቹም ወሩን ጠቅሰሽ ንገሪያቸው።

በዚህ ሳምንት ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጊ፤ ከእናትሽ ጋር ተቀመጪ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በማግስቱ ደግሞ ለአጎትሽ ደውዪ። ስለ አንቺ ሰው እየለመነ ነው፤ ስሙንም አስይዟል። ከእናትሽ ጋር የተስማማችሁበትን ከሌላ ሰው ሳይሰማ አንቺው ንገሪው፣ ለልፋቱም አመስግኚው። መሄድሽ ከተቆረጠም ያ ቦታ ለሌላ ሥራ ፈላጊ እንዲሆን ጊዜ ይኖረዋል።